«ማንም ያልመረጣቸው 60 ሰዎች»

ደብሊን 7፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ «የ2011ዱ የአየርላንድ ሴኔት (የላይኛው ምክር ቤት) ማንም ያልመረጣቸው 60 ሰዎች ነበሩ፣ ሕዝቡ ሴኔቱ ይፍረስ ወይ በተባለበት የ2013 ሪፈረንደም ሊገላገላቸው እድል አግኝቶ ራሱ አተረፋቸው» ብሎ ለጠፈ። እሱስ ይሁን፣ ላይክ የሚያደርገው ሰው ብዛት ነው ያናደደኝ። ማንም? 43ቱን ካውንስለሮች (የአካባቢ ምክር ቤት አባላት)፣ የዶይል (የታችኛው ምክር ቤት) አባላትና ተሰናባቾቹ ሴናተሮች መረጧቸው፣ 6ቱን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤንዳ ኬኒ የሾመው 11 ብቻ ነው። 11 እና 60 አንድ ነው እንዴ?

ኮርክ ሀበሻ፦ «አንዱ» እኔ ነኝ፣ ስም አለኝ። ማንም ስል ሕዝቡን ማለቴ ነው። አንተ ታክሲ ላይ ነህ እኔ ኪችን ውስጥ፣ የትኛችንን ጠየቁን? ፖለቲከኛ ፖለቲከኛን መርጦ ምርጫ ነው ይለኛል።

ደብሊን 7፦ ካውንስለሩን ማን መረጠው ታዲያ? እኔ! እዚህ አገር እኮ ለአካባቢ ምርጫ ፓስፖርት አይጠይቁህም፣ ነዋሪ መሆንህ ይበቃል። በ2009 ዜግነት ሳይኖረኝ ከምሽት ሥራ እንደወጣሁ ሄጄ ነው የመረጥኩት፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ። በ2011 ለሴኔት ድምፅ የሰጠው ያው ካውንስለር ነው። ስለዚህ እኔ ማንም ነኝ ማለት ነው? ንገረኝ እስቲ

ኮርክ ሀበሻ፦ ሃሃ ሴኔቱ የልጅ ልጅህ ነዋ! እንኳን ደስ ያለህ አያቱ። ግን የልጅ ልጅህ አንተን አይመስልም። በየካቲት 2011 ሕዝቡ ገዢ የነበረውን ፓርቲ ፊአና ፎልን አገር አከሰራችሁ ብሎ በዶይል ከ166 ወንበር 20 ላይ አወረዳቸው፣ በጥቂት ወር ውስጥ ሴኔት ላይ ስታይ 14 ሆነው ቁጭ ብለዋል። ከ60 14! ለምን ቢሉ ካውንስለሮቻቸው ገና ስላልተነቀሉ። ሕዝብ በበር ሲያስወጣቸው በመስኮት ገቡ።

እቴቴ ራትማይንስ፦ ልጆች ተረጋጉ። እኔ መርጫለሁ። ወረቀቱ በሪኮማንዴ ቤቴ መጥቶ፣ ጎረቤቴን ጠርቼ ምስክር ሆና ፈርማልኝ፣ ቡና እየጠጣን ለተወዳዳሪዎቹ እንደ ምርጫዬ ቅደም ተከተል ቁጥር ሰጥቼ በፖስታ መለስኩት። ፌርጋል ኩዊንን ነው አንድ ያልኩት፣ ሱፐርኩዊን የሚባለውን ሱፐርማርኬት የመሠረተውን ሰውዬ። እኔንም ማንም በሉኝ ደግሞ።

የሊመሪኩ፦ እትዬ እርስዎማ ዕድለኛ ነዎት። እኔም ዲግሪ አለኝ፣ እዚሁ አየርላንድ የተማርኩት፣ ግን የተመረቅኩት ከትሪኒቲም ከናሽናል ዩኒቨርሲቲም ስላልሆነ ድምፅ የለኝም ነበር። በ1979 ሕዝቡ በሪፈረንደም ለሌሎቹም ምሩቃን ይስፋ ብሎ ፈቅዶ፣ ሕጉን ማውጣት ነው የቀረው፣ አላወጡትም! በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካስገደዳቸው በኋላ ነው የተነቃነቁት። 44 ዓመት። ዲግሪ የሌለውማ ጭራሽ አልተወለደም።

ኮርክ ሀበሻ፦ ማንም ብዬ ነበር 👆

ደብሊን 7፦ እሱ የኮታው ችግር ነው፣ ሰዎቹ ምን አደረጉ? የነዚያ ዘመን አባላት ናቸው እኮ ራሳቸው ይስተካከል ያሉት። ሴናተሮቹ ዛፖንና ኩዊን በ2013 ለሁሉም ዜጋ ድምፅ ይሰጥ የሚል ረቂቅ አቀረቡ፣ ውጭ አገር ያለውንም ጨምሮ። ሕግ ሳያደርገው የተወው ማን ነው? መንግሥት! ማፍረስ ነው የፈለገው። ፖስተሩን ረሳችሁት? «20 ሚሊዮን ዩሮ ይተርፋል፣ ፖለቲከኛ ይቀንሳል»። ኬኒ ቲቪ ላይ ወጥተህ ተከራከር ሲሉት እምቢ አለ፣ 51.7 ለ48.3 ተሸነፈ። ደግ አደረጉት።

ኮርክ ሀበሻ፦ ከመራጩ የወጣው 39 በመቶ ነው፣ ስለዚህ አትዝፈን። ሊያፈርሰው ባሰበው ቤት ውስጥ ራሱ 11 ሰው አስገብቶ፣ የቸኮሌት ነጋዴ፣ የቲያትር ቤት ዳይሬክተር፣ የፕሬዚዳንቷ ባል፣ ሯጭ። የጃንሆይ ሹመት ነው እንዴ? ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መሰለኝ።

እቴቴ ራትማይንስ፦ የፕሬዚዳንቷ ባል ብለህ አታጣጥል ልጄ። ማክአሊስ ነው ሴቶች ተዘግተው ያለ ደመወዝ ይሠሩባቸው የነበሩትን የመነኮሳቱን የማግደለን ልብስ ማጠቢያዎች ጉዳይ ያጠናው፣ በየካቲት 2013 ሪፖርቱ ወጥቶ በዚያው ወር ኬኒ ዶይል ውስጥ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። እነዚያ ሴቶች ስንት ዓመት ጠብቀዋል።

ኮርክ ሀበሻ፦ እትዬ ሪፖርቱ ለስልሷል ብለው ያዘኑትም ራሳቸው ሴቶቹ ነበሩ። ደግሞ ያንን ለመሥራት ሴናተር መሆን ግድ ነው?

ጃን ሜዳ፦ ቆይ ሯጭ ስትሉ ኤመን ኮግላንን ነው??? ሞስኮ 1980፣ 5 ሺህ ላይ ምሩፅ ማርሹን ቀይሮ ጥሎት የሄደው???

የሊመሪኩ፦ እሱ ነው። 4ኛ ወጣ።

ጃን ሜዳ፦ 4ኛ የወጣው ሴናተር ሆነ፣ 1ኛ የወጣው ቶሮንቶ በስደት አረፈ። እኔ ከዚህ በላይ ሴኔት አልከራከርም።

ደብሊን 7፦ ኮግላንም በ1983 ሄልሲንኪ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ አትናቀው

ጃን ሜዳ፦ ምሩፅ በሌለበት!

ደብሊን 7፦ በዚያ ዕድሜው ምሩፅ ምን ሊያደርገው ነው ወንድሜ?

ጃን ሜዳ፦ የምሩፅን ዕድሜ የሚያውቅ አለ?? «በግና ዶሮዬን ልትሰርቁ ትችላላችሁ ዕድሜዬን ግን አትሰርቁትም» ነው መሰለኝ ያላቸው ለጋዜጠኞቹ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው ሴናተር መሆን የነበረበት

እቴቴ ራትማይንስ፦ 😂😂

የሊመሪኩ፦ በሞቴ ወደ ሴኔቱ ተመለሱ፣ የ2014ቱን የኬኒን ፓርቲ እጩ የማክነልቲን ነገር ማንም አላነሳም። ክፍት የሆነው የሴኔቱ የባህል ዘርፍ ወንበር ሊሞላ ሲል ሰውዬውን ቶሎ ብለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ቦርድ ውስጥ ጨመሩት፣ ለወንበሩ ብቁ ይምሰል ብለው። ተነቃባቸው፣ ራሱ እንዳትመርጡኝ አለ፣ ክራውዌል የሚባል የግል ተወዳዳሪ ገባበት።

ኮርክ ሀበሻ፦ ይኸው! ቲሾኩ (ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኬኒ) ኃላፊነቱ የኔ ነው ብሎ የዋጠው። ደብሊን 7 ይሄንንስ የትኛው አያት መረጠው?

ደብሊን 7፦ መሸነፉንስ ለምን ዘለልከው? አሁንም «ማንም»ን አላነሳህም። እኔ 2009፣ እትዬ 2011። ሁለት ሰው አለ እዚህ ግሩፕ ላይ። ኤዲት አድርገው።

ኮርክ ሀበሻ፦ እሺ «ከሁለት ሰው በቀር ማንም»። ሺፍት ልገባ ነው።

ደብሊን 7፦ ስክሪንሾት ይዣለሁ