ቦርሳም ጠረጴዛም የሚሆን የላፕቶፕ መያዣ ለመስክ ሥራ ይሆናል?

ኦዲተሯ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ናችሁ ወገኖች? ሥራዬ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ መመርመር ነው። ቤቴ ደብረ ብርሃን ቢሆንም አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልቀው ወረዳ ነው። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ እነዋሪ፣ ደነባ፣ አንዳንዴም እስከ ዓለም ከተማ እሄዳለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፣ የሚያማርረኝ መቀመጫው ነው። የማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ቢበዛ አንድ ነው፤ እሱም ላይ የማዳበሪያው ደረሰኝ፣ የምርጥ ዘሩ ሰነድ፣ የአባላቱ መዝገብ ተከምሮበት ሒሳብ ሹሙ ራሱ የሚጽፍበት ቦታ ያጣል። እኔ አግዳሚ ላይ ወይም መደብ ላይ ቁጭ ብዬ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። ይሞቃል። ይንሸራተታል። ደረሰኝ ላገላብጥ ስል በአንድ እጄ ላፕቶፑን መደገፍ አለብኝ፣ ማታ ደግሞ አንገቴን ማዞር ያቅተኛል።

ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ አንድ ዓይነት ቦርሳ አየሁ። ሲዘጋ እንደማንኛውም የላፕቶፕ ቦርሳ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሲከፈት ጭን ላይ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ገበታ ይሆናል። አንዱ ከሥሩ ትራስ አለው፣ ሌላው የሚታጠፍ እግር አለው። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላገኘሁም የማገኘው አይመስለኝም። ላፕቶፔ 15.6 ኢንች ኤችፒ ነው። የተጠቀመበት ካለ የትኛው ይሻላል? እውነት ሙቀቱን ይከላከላል? ወይስ እዚሁ ማሠራት ይቻላል?

ጥገና ቤት (ደብረ ሲና)

እህቴ፣ ከሙቀቱ ልጀምር፤ እኔ ዘንድ ለጥገና የሚመጡት ብዙዎቹ ላፕቶፖች ጣጣቸው እሱ ነው።

ላፕቶፕሽን አጥፊና ገልብጠሽ እዪው። ሆዱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ታያለሽ። ማራገቢያው በዚያ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይስብና ሙቁን በጎኑ ወይም በማጠፊያው በኩል ያስወጣዋል። አራቱ የጎማ እግሮች የተሠሩት እንዳይንሸራተት ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ አየር እንዲገባም ነው። ጭንሽ ላይ በቀሚስ ወይም በጋቢ ላይ ስታስቀምጪው ግን እግሮቹ ይሰምጣሉ፣ ቀዳዳው ይደፈናል። መደብ ላይ የተነጠፈ ባና ላይ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ የበግ ጸጉሩ እየተሳበ ገብቶ ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው መካከል ይጠራቀማል። ከፍቼ ሳየው ፍም ሊወጣው የደረሰ ላፕቶፕ አጋጥሞኛል።

ሲግል ምን ይሆናል? ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንቺ ኤክሴሉ ተንቀራፈፈ፣ ቫይረስ ገባበት ትያለሽ፣ እሱ ግን አየር አጥቶ ነው። ባትሪውም ሊቲየም ስለሆነ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ስለዚህ ቦርሳውን ስትመርጪ መጀመሪያ የምታዪው ላፕቶፑ የሚያርፍበትን ገጽ ነው። ደረቅና ልሙጥ መሆን አለበት። ትራስ ካለው ጭንሽ በኩል ይሁን። ከእነዚህ ቦርሳዎች ብዙዎቹ ውስጣቸው በሙሉ በስፖንጅ የተለበጠ ነው፣ ምክንያቱም ሲሸከሙት ላፕቶፑ እንዳይመታ ይፈለጋል። ስፖንጁ ለመንገድ ጥሩ ነው፣ እላዩ ላይ አድርጎ ለመሥራት ግን ከባና አይሻልም። ሻጩ ሲከፈት ጠረጴዛ ይሆናል ቢልሽም በጣትሽ ተጫኚውና ከሰመጠ ተይው። (ማራገቢያ የሌላቸው ላፕቶፖችም አሉ፣ የአፕል ማክቡክ ኤር በፈረንጆቹ 2020 ከወጣው ኤም1 ጀምሮ ማራገቢያ የለውም፣ እነሱ ላይ ይህ ችግር ይቀላል። ያንቺ ግን ኤችፒ ነው።)

ሌላው፣ ሥራ ጨርሰሽ ቦርሳው ውስጥ ስትከችው ክዳኑን ብቻ ዘግተሽ አትክተቺ፣ አጥፊው። ቦርሳ ውስጥ በራሱ ጊዜ ነቅቶ ሲግል የሚውል ብዙ ነው።

የግቢ ልጅ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ እግር ያለው ዓይነት አለኝ። ለአልጋ ምርጥ ነው። እግርሽን ዘርግተሽ ስትቀመጪ የጠረጴዛው እግሮች ከጭንሽ ግራና ቀኝ ፍራሹ ላይ ይቆማሉ፣ ላፕቶፑ ጨርሶ አይነካሽም። መደብ ላይም ሰፊ ከሆነና እግርሽን ከሰበሰብሽ ይሠራል። አግዳሚ ላይ ግን ሞቼ እገኛለሁ አይሆንም፣ እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ የለም። ማጠፊያውንም እዪ። የፕላስቲክ ከሆነ ቶሎ ይላላና ስትተይቢ ይወዛወዛል፣ የብረት ከሆነ ይቆያል ግን ትከሻ ይጎዳል። ላንቺ ዓይነቱ ሥራ ትራስ ያለውን እመርጥልሻለሁ።

ቦርሳ ሰፊው (ደብረ ብርሃን)

እዚሁ ይሠራል፣ ለምን ከውጭ ትጠብቂያለሽ?

እኔ የትምህርት ቤት ቦርሳና የመሣሪያ ሻንጣ ነው የምሰፋው። ለሁለት የልማት ሠራተኞችም ይህን የምትይውን ዓይነት ሰፍቼላቸው እየሠሩበት ነው። 15.6 ኢንች የሚባለው ስክሪኑ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ ነው፣ 39.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የላፕቶፑ አካል ግን ወርዱ 36፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ስለዚህ ገበታው 40 በ30 ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ትገፊበታለሽ።

እንጨቱን በተመለከተ ቺፑድ እንዳታስገቢ። ይከብዳል፣ አንዴ ክረምት የመታው ቀን ያብጥና ጠርዙ ይፈረፈራል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይሻላል፤ በዚህ ልክ ተቆርጦ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። አናጺው ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያልስልሽና ቫርኒሽ ይቀባው። እኔ ከጀርባው በሸራ አለብሰዋለሁ፣ ላዩን ግን ራቁቱን እተወዋለሁ፣ ጥገና ቤት እንዳለው። ለመንገድ የሚሆነው ስፖንጅ ክዳኑ ላይ ይሰፋል፤ ስትሠሪ ክዳኑ ወደ ኋላ ይገለበጣልና ከላፕቶፑ ሥር አይገባም።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር። ትራሱን አንድ ወጥ አድርገሽ አታሠሪ። ሁለት ጠባብ ትራስ፣ አንዱ ለቀኝ ጭን፣ አንዱ ለግራ፣ መሐሉ ክፍት። በመሐሉ አየር ያልፋል፣ ገበታውም አግዳሚ ላይ ስትቀመጪ ወዲያና ወዲህ አይልም። የምሞላው የታጠበ የመንዝ በግ ጸጉር ነው። ሲጫኑት ቅርጹን ይመለሳል፣ አየርም ያሳልፋል። እዚህ አገር ጸጉር ሞልቶ ስፖንጅ ከአዲስ አበባ የምናስጭንበት ምክንያት አይገባኝም። ትራሶቹ በቬልክሮ ይያያዛሉ፣ ሲቆሽሹ ተነቅለው ይታጠባሉ።

ወደ ሆድሽ ባለው ጠርዝ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ቀጭን እንጨት ይለጠፋል። ጭን ምንጊዜም ወደ ጉልበት ወይም ወደ ሆድ ያዘነብላል፣ ላፕቶፑን ከመንሸራተት የሚያቆመው እሱ ነው። ከፍ ካለ ግን የእጅ አንጓሽን ይቆረቁርሻል። ከኋላ በኩል ባሉት ሁለት ማዕዘኖች ደግሞ ላስቲክ። ላስቲኩ የአየር መውጫውን እንዳይሸፍን ላፕቶፑን እያየሁ ነው የምሰፋው።

ማውስ ትጠቀሚያለሽ? ከሆነ ከገበታው ሥር የሚሳብ ትንሽ ሰሌዳ ላስገባልሽ እችላለሁ፣ ትንሽ ክብደት ይጨምራል።

ጤና ባለሙያ (ሸዋ ሮቢት)

ቦርሳው ላፕቶፑን ከሙቀት እንደሚጠብቅ ተነግሯል። እናንተን ስለመጠበቁ ግን ጥቂት ልበል፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስላለ።

ደጋ ያላችሁ ሰዎች ብርዱ ሲጠና ላፕቶፑን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ሙቀቱን ትወዱታላችሁ። የማያቃጥል፣ ደስ የሚል ሙቀት ነው፣ ክፋቱም እሱ ነው። ያ ሙቀት በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ ሲደጋገም ቆዳው ላይ መረብ የመሰለ ቀይ፣ ከዚያም ቡናማ ምልክት ይወጣል። ምድጃ ዳር ለዓመታት የተቀመጡ እናቶች ቅልጥም ላይ የምናየው ያው ምልክት ነው፣ በላፕቶፕ የመጣባቸውም በሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል። ቶሎ ከተተወ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ከቆየ ቋሚ ምልክት ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ አልፎ አልፎም ወደ ቆዳ ካንሰር የተለወጠ አለ። ስለዚህ ምልክቱን ካያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ አትደብቁት።

ወንድሞችም ይህን ስለምታነቡ ልጨምር። የወንድ ዘር በደንብ እንዲመረት የዘር ፍሬው ከቀረው ሰውነት ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ኒውዮርክ ውስጥ ስቶኒ ብሩክ የሚገኙ ሐኪሞች በ29 ወንዶች ላይ ለክተው በፈረንጆቹ 2010 ያወጡት ጥናት አለ። እግር ገጥሞ ላፕቶፕ ጭን ላይ ሲደረግ የዚያ አካባቢ ሙቀት በ1 ዲግሪ ለመጨመር 11 ደቂቃ ነው የፈጀበት። ከሥሩ መደገፊያ ሲደረግ 14 ደቂቃ። መደገፊያው ያተረፈው 3 ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው። ከመደገፊያው ጋር እግር ከፈት ተደርጎ ሲቀመጡ ግን ወደ 28 ደቂቃ ደረሰ። ስለዚህ ቦርሳ ሰፊው ያለው የሁለት ትራስ ነገር ጥሩ ነው፣ እግርን ከፈት አድርጎ ለመቀመጥ ያመቻል። ግን ገበታ ገዛሁ ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ ጭን ላይ ይዞ መዋል ልክ አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ፣ አንገታችሁንም ቀና አድርጉ።

መምህር (እነዋሪ)

ልጆች፣ የሁላችሁም ሐሳብ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ሁለቱን መለየት እመርጣለሁ። ቦርሳ ቦርሳ ይሁን፣ ሰሌዳ ሰሌዳ ይሁን። ቦርሳው ጠረጴዛ ሲሆን ኪሶቹ የት ይሄዳሉ? ከሥር ነው የሚቀሩት። እስክሪብቶ ስትፈልጊ፣ ቻርጀር ስትፈልጊ፣ ፍላሽ ስትፈልጊ ላፕቶፑን አንሥተሽ ሁሉንም ገልብጠሽ ነው። ሰው ሰነድ ይዞ ፊትሽ ቆሞ እየጠበቀ! ዚፑ የተበላሸ ቀን ደግሞ ቦርሳውንም ጠረጴዛውንም በአንድ ቀን ታጫለሽ። እኔ ቀጭን ሰሌዳ አስቆርጬ ተራ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ከፈተና ወረቀቱ ጋር እይዛለሁ። ላፕቶፕ ባልያዝኩበት ቀን እርማት እሠራበታለሁ፣ ተማሪም ተውሶኝ ይጽፍበታል።

ቦርሳ ሰፊው (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ የኪሱ ነገር እውነትዎን ነው፣ ገበያ ላይ ያሉት በዚያ ይታማሉ። መፍትሔው ግን ኪሱን ጎን ላይ መስፋት ነው፤ በቀኝ በኩል ከላይ የሚከፈት ጠባብ ኪስ። ገበታው ጭን ላይ እያለ እጅ ይገባበታል። ዚፑንም ትልቅ ጥርስ ያለውን ካደረግነው ይቆያል፣ ቢበላሽም ክዳኑን የሚያስር ማንገቻ አለ። ለየብቻ ሲሆን ግን ሰው ሰሌዳውን ቤት ረስቶት ይወጣል።

ኦዲተሯ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ሐሳብ ብዙ አሰብኩበት፤ ግን እኔ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ከሚኒባስ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ እግር ስለምቀያይር አንድ ዕቃ መሆኑ ይሻለኛል። ቦርሳ ሰፊው፣ ባለ ሁለት ትራሱን ሥራልኝ፣ ኪሱ በቀኝ ይሁን። ማውሱን እተወዋለሁ፣ በላፕቶፑ በራሱ መዳሰሻ እሠራለሁ። ዝናብ የሚከላከል ልባስም ይኑረው፣ ሐምሌና ነሐሴን የመንዝ መንገድ ላይ ነው የማሳልፈው። ቀለሙ ደግሞ ላፕቶፕ ነው ብሎ የማይጮህ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ የሰነድ ቦርሳ የሚመስል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ውርጭ በሚወርድበት ሰሞን ቦርሳው ስፖንጅ ስላለው ላፕቶፑን ከብርዱ ያድነዋል? አንዳንዴ መኪና ውስጥ ያድራል።

ጥገና ቤት (ደብረ ሲና)

አያድነውም። ስፖንጅ የሚያዘገየው ነው እንጂ የሚያሞቀው ነገር የለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ካደረ እኩል ይቀዘቅዛል። መኪና ውስጥ አታሳድሪው። የቀዘቀዘ ባትሪ ቶሎ ያለቀ ይመስላል፣ ያ ሲሞቅ ይመለሳል። ከዜሮ በታች ወርዶ እያለ ቻርጅ ማድረግ ግን ባትሪውን በቋሚነት ይጎዳዋል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይቆይ።

ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነሥተሽ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርጂ ከሆነ ደግሞ እንደደረስሽ አትክፈቺው። ከደጋው ብርድ ይዘሽ የወረድሽው ብረት የቆላውን እርጥብ አየር ሲያገኝ ውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ይችላል። ቦርሳው እንደተዘጋ ይቆይ፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ። እዚህ ላይ ስፖንጁ ይጠቅምሻል።

ቦርሳ ሰፊው (ደብረ ብርሃን)

እሺ እህቴ። ሸራው ጥቁር አረንጓዴ አለኝ፣ የሰነድ ቦርሳ ይመስላል። ስትመጪ ልኩን ብቻ ጽፈሽ አትምጪ፣ ላፕቶፑን ራሱን ይዘሽ ነይ፣ ቻርጀሩንም ጨምሪ። ቻርጀሩ የሚሰካበትን ጎን ካላየሁ ላስቲኩን እዚያው ላይ ልሰፋው እችላለሁ። አግዳሚ ላይ አስቀምጬሽ የትራሱን ርቀትም በጭንሽ ልክ አስተካክላለሁ።