ኮሶ ልስጣቸው ወይስ መርፌ? ፍየሎቼ እያለቁብኝ ነው

የቦርከናዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከሳዑዲ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያጠራቀምኳትን ይዤ ከሚሴ አጠገብ እናቴ ጋ ገባሁና አሥራ አንድ ፍየል ገዛሁ። ሰኔ ላይ ከነግልገሎቻቸው ሃያ ስድስት ደርሰው ነበር። ዛሬ ሃያ ሦስት ናቸው።

የሞቱት ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ተቅማጥ የለ፣ ሳል የለ። መጀመሪያ ከመንጋው ኋላ ትቀራለች። ቀጥሎ መንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ይወጣል። ጠዋት ጎደል ይላል፣ ማታ ከግጦሽ ስትመለስ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት በረቱን ስከፍት ሞታ አገኛታለሁ። እስከ መጨረሻው ትበላለች እኮ!

የትል ክኒን አልሰጠሁም እንዳትሉኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ አልቤንዳዞል ባለ 300 ሚሊግራሙን ሰጥቻለሁ። የሸጠልኝ ሰው «ለበግ እንደሚሰጠው ነው፣ አንዱን ለሁለት ክፈይው» አለኝ፤ ለትልልቆቹ ግማሽ፣ ለግልገሎቹ ሩብ አደረግሁ። ሁለት ሳምንት ያህል የተሻላቸው መስሎኝ ነበር።

አሁን ያው ሰውዬ አይቨርሜክቲን መርፌ ውሰጂ ይለኛል። እናቴ ደግሞ የግልገሎቹ በጠጥ ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነጭ ነገር አየችና «ይኸው፣ ኮሶ ነው የያዛቸው፤ ኮሶ አጠጫቸው» ብላ ይዛኛለች። የማንን ልስማ?

ጤና ረዳቱ
እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። እያንዳንዷን ያዢና የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣትሽ ዝቅ አድርገሽ ውስጡን እዪ። በቀን ብርሃን ይሁን እንጂ በባትሪ አይሆንም። ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደህና ናት። እንደ ወረቀት ከነጣ ደሟ አልቋል ማለት ነው። ስንቶቹ እንደነጡና የት እንደሚግጡ ጻፊልኝ።

የቦርከናዋ
አሁን ጨረስኩ። ስድስቱ ነጭ ናቸው፣ እንደ ነጠላ። አራቱ ገርጣ ብለዋል፣ የቀሩት ቀይ ናቸው። የገረመኝ ከስድስቱ አንዷ የምመካባት ወፍራሟ ዳማ ፍየሌ መሆኗ ነው።

ግጦሹ ጨፋ ሜዳ ነው። ተራራው ተከልሏል፣ ማሳው ተዘርቷል፤ የቀረን ወንዙ ዳር ያለው ሣር ብቻ ነው።

ጤና ረዳቱ
ገባኝ። እናትሽ ያዩት ነጭ ነገር እውነትም የኮሶ ትል ቁራጭ ነው፤ ግልገል ላይ የተለመደ ነው፤ እሱ ግን እንዲህ አይገድልም። የሚገድለው በጠጥ ላይ የማይታየው ነው። ሄሞንከስ ይባላል። ከሽንፍላው ቀጥሎ ባለው የመጨረሻው ጨጓራ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። አንዷ ሴት ትል በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እንደ አሁኑ ሙቀትና ዝናብ ሲገጥም በሳምንት ገደማ ሣሩ ላይ የሚወጣ እጭ ይሆናል። ፍየሏ ደም ስታጣ ውሃው ወደ መንጋጋዋ ሥር ይወርዳል፤ ያየሽው እብጠት እሱ ነው።

ክኒኑን በተመለከተ የነገረሽ ሰው ተሳስቷል። ፍየል መድኃኒቱን ከበግ ፈጥና ከሰውነቷ ታስወግዳለች። አልቤንዳዞል ለበግ በኪሎ 5 ሚሊግራም ከሆነ ለፍየል 10 ነው። ሠላሳ ኪሎ ለምትመዝን ፍየል አንድ ሙሉ ክኒን ማለት ነው፣ አንቺ ግማሽ ሰጠሽ። ግማሽ መስጠት ካለመስጠት ይብሳል፤ ደካማው ትል ይሞትና ጠንካራው ይራባል። በግምት አትስጪ፣ መዝኚ።

ለስድስቱ ዛሬውኑ ስጪ፣ ለአራቱም ጨምሪ። ቀይ ዓይን ያላቸውን ተያቸው። ሁሉንም ብትሰጪ መድኃኒቱን የለመደው ትል ብቻውን ሜዳውን ይወርሰዋል። ካረገዘች ወር ያልሞላት ካለች ግን አልቤንዳዞል አይሆናትም፣ ጽንሱን ይጎዳል። ለእሷ ቴትራሚዞል ይሻላል፤ እሱ ደግሞ ከልኩ ሲያልፍ ይመርዛልና ኪሎዋን በደንብ ለዪ። ክኒኑን ፈጭተሽ በውሃ ስትግቺያት አንገቷን ወደ ላይ አትቀልብሺው፣ ሳንባዋ ይገባል።

መርፌው ለእከክም ለዚህም ትል ይሠራል፤ ለኮሶ ትልና ለጉበት ትል ግን አይሠራም። ሙክት ለመሸጥ ካሰብሽ ደግሞ ከተወጋ በኋላ ሥጋው ከወር በላይ ይጠበቃል። እኔ ብሆን ለእከክ አቆየዋለሁ።

ጋሽ ሙክት
ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ፍየል ይዤ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ፍየል ቀና ብላ ስትበላ ጤነኛ ናት፣ አቀርቅራ ስትግጥ ትታመማለች። ግራርና ቁርቁራ ስትቀነጥስ የምትውል ፍየል ትል ብዙ አያጠቃትም። ጨፋ ላይ እንደ በግ አቀርቅራ ስትውል ግን ትሉን ከሣሩ ጋር እየዋጠችው ነው። ተራራው ቢከለልም አጭደሽ ተሸክመሽ ውሰጅ የሚሉ ብዙ ቦታ አሉ፣ ጠይቂ። የግራሩን ቅርንጫፍ በረት ውስጥ ከፍ አድርገሽ ስቀይላቸው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍም አታውጪያቸው።

ኮሶውን እኛው ጠጥተነዋል፣ እንዴት እንደሚያንበረክክ አውቀዋለሁ። ለከሳች ፍየል፣ በዚያ ላይ እርጉዝ ብትሆን፣ አልደፍርም። ትምባሆ ዘፍዝፈሽ አጠጪ የሚልሽም አይጠፋም፤ ጎረቤቴ እንዲያ አድርጎ በአንድ ሌሊት አራት ቀብሯል።

የአትላንታው
እኔ ጆርጂያ ውስጥ አሥራ ሁለት ፍየል አለኝ፤ ያው ትል እዚህም ዋነኛ ገዳይ ነው። የዓይን ማያው ዘዴ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፣ ፋማቻ ይባላል። ከ1 እስከ 5 ቀለም ያለበት ካርድ አለው፤ 4 እና 5 የግድ ይታከማሉ። ጋሼ ግራር ያሉትን እዚህ ሴሪሲያ በሚባል ተክል ነው የምንሠራው፤ ሁለቱም ውስጥ አፍ የሚያኮማትረው ታኒን አለ፣ ትሉን የሚያዳክመው እሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት ግን አንድ ክረምት ሙሉ ሞክሬ የበረቱን ሽታ ከመቀየር በቀር ያመጣው ለውጥ የለም።

የቦርከናዋ
ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ከሳዑዲ ያመጣኋት የሻንጣ ሚዛን አለችኝ፤ ፍየሏን ጆንያ ውስጥ ከትቼ ሰቅዬ መዘንኩ። እናቴ «ዓረብ አገር ልትልኪያት ነው?» እያለች ሳቀችብኝ። ሠላሳ ኪሎ ያልኳት ሠላሳ ስድስት ወጣች። ግምቴ ሁሉ በታች ነበር።

ዳማዋ ክኒኑን በሰጠኋት ማግሥት ሞተች። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ ቢላ አመጣሁና ጤና ረዳቱ ያለውን ጨጓራ ከፈትኩት። እንደ ክር የቀጠነ፣ ቀይና ነጭ የተገመደ፣ የጣት አንጓ የሚያህል፣ ብዛቱ ለጉድ። እናቴን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየችና «ይሄስ ኮሶ አይደለም» አለች። ከዚያ ወዲህ ኮሶውን አላነሳችውም፤ ይልቅ የቁርቁራ ቅርንጫፍ የምታመጣው እሷ ናት።

ከነጡት አምስት ቀሩ። ሦስቱ ዓይናቸው ሮዝ ማለት ጀምሯል፣ እብጠቱም ጠፍቷል። ሁለቱ ግን ሙሉውን ልክ ወስደው ያው ነጭ ናቸው። ደግሜ ልስጣቸው?

ጤና ረዳቱ
ያንኑ አትድገሚ። ደም ለመተካት ጊዜ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዓይኑ ብቻ አይነግርሽም፤ ትሉ አልቤንዳዞሉን ለምዶትም ሊሆን ይችላል። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የፍየል እርባታ ከአንድ በላይ መድኃኒት የለመደ ትል በጥናት ተገኝቷል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ነገ በጠዋት ከሁለቱ ትኩስ በጠጥ ለየብቻ በላስቲክ ቋጥረሽ፣ ፀሐይ ሳታስነኪ አቅራቢያሽ ወዳለ የእንስሳት ላቦራቶሪ አድርሺ። እንቁላል ከተገኘበት ወደ ቴትራሚዞል እንቀይራለን። እስከዚያ ከበረት አታውጫቸው፤ ቅጠልና ጥቂት ፉርሽካ ስጫቸው።