ላፕቶፑ መሃል ሰርግ ላይ ስታክ ያደርጋል፤ አውቶ ሴቩን ላጥፋው?

ሳቢያን ሳውንድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ ውስጥ ሰርግና ምርቃት ላይ ሳውንድ እሠራለሁ። ዲጂታል ሚክሰር የለኝም። ማይኮቹና መሣሪያዎቹ ባለ 16 ቻናል ኦዲዮ ካርድ አልፈው ላፕቶፕ ውስጥ ይገባሉ። ሚክሱን የምሠራው እዚያው ሶፍትዌሩ ላይ ነው። ሪቨርቡ፣ ዲሌዩ፣ ኮምፕረሰሩ ሁሉ ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ ፕሮግራም) ነው።

ችግሬ ይሄ ነው። ባንዱ ሞቅ ሲል ድምፁ ድንገት ቁርጥ ይልና ይመለሳል። ስክሪኑም አብሮ ስታክ ያደርጋል። ባለፈው ቅዳሜ ሙሽሮቹ እየገቡ ሳለ ሆነ። እናቶች እልልታቸውን ስላላቋረጡ ሰው ብዙም ልብ አላለውም። እኔ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። አንድ ጓደኛዬ «አውቶ ሴቭ ነው፣ አጥፊው» አለኝ፤ ሶፍትዌሩ በየጊዜው ፕሮጀክቱን ራሱ ሴቭ የሚያደርግበትን ማለቱ ነው። ማጥፋቱን ደግሞ ፈራሁ። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ከሰዓት ሙሉ ለፍቼ ያስተካከልኩት ሚክስ ቢጠፋብኝስ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የከዚራ ልጅ፦

ልጄ፣ እኔ ከካሴት ዘመን ጀምሮ እዚሁ ሙያ ላይ ነኝ። ጥያቄሽን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጓደኛሽ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን በግምት ምንም ነገር አታጥፊ። መጀመሪያ እቤትሽ ፈትኚው። የሰርጉን ፕሮጀክት ክፈቺ፣ በቻናሎቹ ዘፈን ልቀቂ፣ አውቶ ሴቩን በየ1 ደቂቃው አድርጊና በሄድፎን አዳምጪ። በየደቂቃው ቁርጥ ካለ ሌባው ተያዘ። ካላለ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

ለምን ይቋረጣል? 48 ኪሎኸርዝ ላይ (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ነጥብ) በፈርሽ፣ ማለትም ላፕቶፑ በአንዴ የሚያሰላው ቁራጭ፣ 128 ሳምፕል (ነጥብ) ከሆነ፣ ላፕቶፑ እያንዳንዷን ቁራጭ ድምፅ አስልቶ ለመጨረስ ያለው ጊዜ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ካልደረሰ ድምፁ ይቆረጣል። ሴቭ ሲደረግ ደግሞ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ፕለጊን ያለበትን ሁኔታ ይጠይቀዋል። አብዛኞቹ ወዲያው ይመልሳሉ። አንዳንዶቹ ግን፣ በተለይ ብዙ ሳምፕል (እዚህ ላይ የተቀዳ የመሣሪያ ድምፅ ማለት ነው) የተሸከሙ የኪቦርድ ፕለጊኖች፣ መልሳቸውን አዘጋጅተው እስኪጨርሱ ድምፁን ያስጠብቁታል። ሰው ሁሉ ዲስኩን ይወቅሳል። የፕሮጀክቱ ፋይል ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ፈተናው አውቶ ሴቭ መሆኑን ካረጋገጠልሽ ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ እያወጣሽ ድገሚው። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። እሱን ከቀየርሽ አውቶ ሴቭሽን ይዘሽ ትቀጥያለሽ።

የትኛውን ሶፍትዌር እንደምትጠቀሚ አልጻፍሽም። ሪፐር ከሆነ ፕሪፈረንስ ውስጥ ፕሮጀክት የሚለው ላይ አውቶ ሴቩ መቼ እንዲሠራ ይመረጣል፦ ሪከርድ በማይደረግበት ጊዜ፣ ሲቆም፣ ወይም በማንኛውም ሰዓት። እዚህ ላይ አደራ። ፕሌይ ሳትጫኚ ማይኮቹን በሞኒተሪንግ ብቻ የምታሳልፊ ከሆነ፣ ለሶፍትዌሩ ፕሮጀክቱ እንደቆመ ነው። «ሲቆም ብቻ» ብለሽ ብትመርጪም መሃል ዘፈን ላይ ሴቭ ያደርጋል። ብዙ ልጆች ይሄን ሳያውቁ ቅንብሩን አስተካክለናል ብለው ይቀመጣሉ።

ጀጎል፦

እህቴ፣ እኔ ከሐረር ነኝ። መቋረጡ በእኩል ደቂቃ ልዩነት የማይመጣ ከሆነ ሙቀቱን ጠርጥሪ። እዚህ ሐረር ላይ ደህና ሲሠራ ያመሸ ላፕቶፕ ድሬ ስንወርድ ያመዋል። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያኔ ጋሼ ያሉት ጊዜ አይበቃውም። አምፕሊፋየር ላይ አታስቀምጪው። ከስሩ አየር ይግባው፣ አንድ ፋን ይዙርለት።

መብራት ሲሄድም ሌላ ጣጣ አለ። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የፓወር ቅንብሩን በባትሪም በሙሉ አቅም እንዲሠራ አድርጊው። ኦዲዮ ካርድሽ መብራት የሚፈልግ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጀነሬተር እስኪነሳ ድረስ ይጠፋል። ሶፍትዌሩ ካርዱን ሲያጣ ስታክ ያደረገ ይመስላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ከባትሪው የሚያበራ) ካለሽ ካርዱን ሰኪበት። ዋይፋይ ዝጊ፣ የዊንዶውስ አፕዴትንም አቁሚው።

ከተቻለሽ ግን ዲጂታል ሚክሰር ተከራዪ። ኤክስ 32 በሚባለው ዲጂታል ሚክሰር ላይ ድምፁ የሚሠራው ሚክሰሩ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ወይም ታብሌቱ ሪሞት ብቻ ነው። እሱ ደርቆ ቢቀር እንኳ ባንዱ ይቀጥላል።

ሳቢያን ሳውንድ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ሞከርኩት፣ በየደቂቃው ቁርጥ አለ! የኪቦርዱ ሳምፕለር ነው። እሱን ሳወጣ ጸጥ ብሎ ሄደ። ኪቦርዲስታችን ከአሁን በኋላ የራሱን ኪቦርድ ድምፅ ይጠቀማል፣ ተስማምቷል። ጀጎል፣ ስለ ዩፒኤሱ አመሰግናለሁ፣ ካርዴ የግድግዳ መብራት ነው የሚፈልገው። ኪራዩ ለትልልቅ ሰርግ ካልሆነ አያዋጣኝም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ኤክስ 32 ብከራይ መብራት ሲሄድ ሚክሱ ይጠፋል? ሙሉ ምሽቱን ሪከርድ አድርጊልን የሚሉ ሙሽሮችም አሉ። ላፕቶፑን ያከብድበታል?

የከዚራ ልጅ፦

ጎሽ ልጄ! ደስ አለኝ።

ኤክስ 32 ያለበትን ሁኔታ ራሱ ያስታውሳል፣ ግን በመጨረሻ የነካካሻቸው ነገሮች ሊያመልጡት ይችላሉ። ሳውንድ ቼክ እንዳለቀ ሲን (የሙሉ ቅንብሩ ቅጂ) አድርገሽ ሴቭ አድርጊ። 100 ሲን ይይዛል፣ አትሳሺ። ስትጨርሺም ዝም ብለሽ ከመንቀል ሴትአፕ ውስጥ ያለውን ሻትዳውን ተጫኚ።

ሪከርዱ ይቻላል። 16 ቻናል በ48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ሲቀዳ በሰዓት 8.3 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ለኤስኤስዲ ቀላል ነው። ዊንዶውሱ ያለበት ዲስክ ላይ ሳይሆን ለብቻው ኤስኤስዲ ላይ ቅጂው። ፍላሽ ላይ ግን አይሆንም።

ላፕቶፕሽ ላይም ከሳውንድ ቼክ በኋላ በአዲስ ስም ሴቭ አድርጊ፣ ኮፒውን ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። ከዚያ በኋላ ባንዱ እየተጫወተ የምትነካኪው አብዛኛው ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) ነው፣ እሱን ጆሮሽ በደቂቃ ይመልሰዋል። በእጅ የሚዞረው የካርዱ ጌይን (የመግቢያ ድምፅ መጠን) ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። የኤምሲው ማይክ በላፕቶፕ አይለፍ። ትንሽ አናሎግ ሚክሰር ፈልጊ። የላፕቶፑ ድምፅ በሁለት ቻናል ይግባበት፣ የኤምሲው ማይክ በሦስተኛው። ከሚክሰሩ ወደ እስፒከር። ላፕቶፑ ሪስታርት እስኪያደርግ ኤምሲው ሕዝቡን ይዞ ይቆያል፣ ሽማግሌም ሊመርቅ ከተነሳ ድምፁ ይሰማል። እኔ ጋ የማልጠቀምበት ትንሽ ሚክሰር አለ። ለሚቀጥለው ሰርግሽ ከፈለግሽው ጻፊልኝና መጥተሽ ውሰጂው፣ ኪራይ አልጠይቅሽም።