የታሰሩ ውሾቻችን ጉዳይ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የውሾች ጉዳይ ተነስቶ ሳንጨርሰው ሰዓቱ አለቀ። ለሰፈር ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ላይ የተስማማንበት ሐሳብ ይዘን መቅረብ አለብን። መነሻ ረቂቁ አጭር ነው፦ «በሰፈራችን ማንኛውም ውሻ ታስሮ አይዋል፣ አይደር። ሁሉም ውሻ በየዓመቱ ይከተብ።» እስቲ በግልጽ አስተያየት ስጡበት። ይህን ጉዳይ የምገፋው ከልቤ ነው። ኮተቤ ውስጥ በየግቢው፣ ከበሩ ጀርባ፣ በአንድ ሜትር ሰንሰለት ላይ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ ውሾች አሉ። በዙሪያቸው ያለው መሬት በእግራቸው ተፍቆ ክብ ሠርቷል። ከዚያች ክብ ወጥተው አያውቁም።

አንጋፋ አባል፦ ልጄ፣ ሐሳብሽ መልካም ነው። ግን ሰው ውሻውን የሚያስረው በክፋት አይደለም። እንግዳ ይመጣል፣ ቆጣሪ አንባቢ ይመጣል፣ ልጆች ይወጣሉ ይገባሉ። ስለዚህ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። እኛም ያደግነው እንደዚህ ነው። ደግሞ ቀን የታሰረ ውሻ ማታ ኃይለኛ ይሆናል፤ ሌባም የሚፈራው እሱን ነው። «አይታሰር» ብላችሁ ከመጣችሁ ግማሹ ሰው ስብሰባውን ጥሎ ይወጣል።

የእንስሳት ሐኪም፦ ጋሼ፣ ሰው በክፋት እንደማያስር እኔም በሥራዬ አያለሁ። «ኃይለኛ ይሆናል» በሚለው ላይ ግን የማየውን ልንገርዎት። ውሻ ሲፈራ ይሸሻል፣ ካልሆነ ይናከሳል። ሰንሰለት ላይ ያለው መሸሽ አይችልም። የሚቀረው መናከስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሰው የነከሱና ያልነከሱ ውሾችን ያነጻጸረ ጥናት ወጥቶ ነበር። የተነከሱት ሰዎች የቤተሰቡ አባላት አልነበሩም። ግቢ ውስጥ የሚታሰሩት ውሾች የመናከስ ዕድላቸው ወደ 2.8 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ያልተኮላሹ ወንዶችም እንደዚሁ ከፍ ብለው ታይተዋል። ማለትም ለእንግዳው ደኅንነት ብለን ያሰርነው ውሻ ለእንግዳው የባሰ አደገኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ስለ ሌባውም ቢሆን፣ ጥሩ ጠባቂ ቤተሰብና ባዕድ ለይቶ የሚያውቅ ነው። ይህን የሚማረው ደግሞ ከሰው ጋር ሲውል ነው። የታሰረው ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሚያልፍ እግር ብቻ ስለሆነ ለሁሉም ይጮኻል። ለሁሉም የሚጮህ ውሻ ሌሊት ሲጮህ ባለቤቱ ከአልጋው አይነሳም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። እኔም ስለ ውሾቹ አዝናለሁ። ግን ለእኔ ልጆቼ ይቀድማሉ። ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ይፈታ ስንል በሩ ክፍት በሆነ ቁጥር መንገድ ላይ ይወጣል ማለት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ ስለዚህ ተናገሩ፣ ከዚያ ስለ ሰንሰለቱ እሰማችኋለሁ።

የእንስሳት ሐኪም፦ እህቴ፣ ትክክል ነሽ። የክትባቱ ነጥብ ከሰንሰለቱ በፊት ይምጣ። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች 99 በመቶው የሚያዙት ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። መከላከሉ ግን በእጃችን ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ማሰር ክትባትን አይተካም። ያበደ ውሻ ግቢ ቢገባ የታሰረው ነው ማምለጥ የማይችለው። ይህንንም ጽፈን በየቤቱ እናድርስ፦ ማንም ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፀበልና የባህል መድኃኒት እየተባለ ቀን ሲያልፍ ሰው ይሞትብናል።

የሕግ ባለሙያ፦ በሕጉ በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ የማይጠበቅ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። በሩ ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» ብሎ የለጠፈ ሰው ከዕዳ ነጻ የወጣ አይምሰለው። በእንስሳት ላይ መጨከንንም የወንጀል ሕጋችን በደንብ መተላለፍነት (ማለትም እንደ ቀላል ጥፋት) ያየዋል። አንድ ነገር ግን ላሳስብ። ማኅበራችን መቀጮ የመጣል ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ሰነዱ «ተስማምተናል» ይበል እንጂ «ይቀጣል» አይበል።

ተከራይ፦ እኔ የምኖረው አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ውሻው የአከራያችን ነው። ሰርቪሱ ጋ ይታሰራል። ቆርቆሮ ቤቱ መጋቢት ላይ ምጣድ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይገባበታል። ቅንጥብጣቢ እወረውርለታለሁ፣ ግን ልፍታው ብል ማን ይፈቅድልኛል? ሰነዱ እንደ እኛ ያለውን ግቢም ያስብ። ሙሉ በሙሉ መፍታት የማይቻልባቸው ቦታዎች አሉ።

እህቷ ቨርጂኒያ ያለች አባል፦ ለዚህ የሚሆን አለኝ። እህቴ የምትኖረው ብዙ ሐበሻ ባለበት በፌርፋክስ ነው። እዚያ ውሻ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከአንድ ሰዓት በላይ አይታሰርም። የቨርጂኒያ ግዛት ሕግ ራሱ ዝርዝር ነው። ማሰሪያው ቢያንስ 15 ጫማ ወይም የውሻውን የሰውነት ርዝመት አራት እጥፍ ይሁን ይላል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። 15 ጫማ ወደ 4.5 ሜትር ነው። ክብደቱም ከውሻው ክብደት አንድ አስረኛ አይበልጥም። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ከ2 ኪሎ በላይ ሰንሰለት አይደረግም ማለት ነው። በረዶ በሚሠራ ብርድና ከ85 ፋራናይት (ወደ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ) በላይ በሆነ ሙቀትም ውጭ ማሰር አይፈቀድም። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሰንሰለትን ጭራሽ ከልክሏል። ኦስትሪያማ ውሻ ማሰርን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አግዳለች።

አንጋፋ አባል፦ የእነሱ አገር ሌላ ነው እኮ። አጥር የሌለው ቤት ስንት ነው።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ እኔም የማስበው እሱን ነው። ብዙዎቹ የሚያስሩት አጥር ስለሌላቸው ነው። እኛ ግን የድንጋይ ግንብና የብረት በር አለን። ግቢው ተዘግቷል። የቀረን የበሩ ጉዳይ ነው። በሩ ሲከፈት ውሻው የሚቆይበት በሽቦ ወንፊት የተከለለ ጥግ ካለ፣ ለቆጣሪ አንባቢው ደቂቃ ብለን ቀኑን ሙሉ አናስረውም። እንግዳ ሲመጣ ማሰር እንዳይከለከል እኔም እስማማለሁ።

የሌሊት ጥበቃ፦ ውሾቹን ማታ የምፈታው እኔ ነኝ፤ ላስረዳ። ቀን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ሲፈታ ለአንድ ሰዓት ያህል ልብ የለውም፣ ይሮጣል እንጂ አይጠብቅም። ደግሞ ከተራራው የሚወርደውን ጅብ እናውቀዋለን። ሳይፈታ የተረሳ ውሻ ጅብ ሲመጣ የሚገባበት የለውም። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ በድንጋይ አባርሬ አውቃለሁ። የምትሉት የሽቦ ክልል ቢደረግ እንኳ ማታ ማታ የመፍታቱን ነገር ጻፉት።

የእንስሳት ሐኪም፦ ሙሉ በሙሉ መፍታት ለማይቻልበት ግቢ ደግሞ የሚሮጥ ሽቦ አለ፤ እንዲህ ነው። ከግንብ ግንብ በቁመት ይወጠራል፣ በላዩ ቀለበት ይሮጣል፣ ማሰሪያው ከቀለበቱ ይያያዛል። ውሻው ጥላውም፣ ውሃውም፣ ቤቱም ጋ ይደርሳል። አንገቱ ላይ ሰንሰለት ሳይሆን ሰፊ ቀበቶ ይሁን፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ። አንገታቸው ቆስሎ ትል የወጣባቸው ብዙ ይመጡልኛል። ያን የሚያመጣው ከቡችላነት ጀምሮ ያልሰፋ ማሰሪያ ነው።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የተስተካከለው ሐሳብ ይኸው። «አባላት ውሾቻችንን በየዓመቱ እናስከትባለን፤ ማኅበሩ የጋራ የክትባት ቀን ያዘጋጃል። ውሻ በተዘጋ ግቢ ውስጥ ተፈትቶ መዋሉ ቀዳሚው መንገድ ይሁን። በሩ ክፍት ሲሆንና እንግዳ ሲኖር ለአጭር ጊዜ ማሰር ይቻላል። መፍታት በማይቻልበት ግቢ ውሻው በሚሮጥ ሽቦ ላይ ይሁን፣ ማሰሪያው ከ4.5 ሜትር አይነስ፣ ማታ ይፈታ። ጥላ፣ ውሃና ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማያስገባ ቤት ይኑረው። ማኮላሸትና ማምከን ለሚፈልግ ሐኪሟ ታግዛለች።» መቀጮ የሚለውን አላስገባሁም።

የሁለት ልጆች እናት፦ «ውሻ ያለ ባለቤቱ ከበር ውጭ አይለቀቅም» የሚል ይጨመር። ከዚያ እፈርማለሁ።

ጸሐፊ፦ ተጨምሯል።

አንጋፋ አባል፦ እንዲህ ከሆነ ጉባኤው ላይ እኔ ራሴ እናገርላችኋለሁ። ግን ጊዜ ስጡ። ሰው ሽቦ የሚወጥረው ደሞዝ ሲያገኝ ነው። «ከክረምት በፊት» በሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሽቦውንና ቀለበቱን በጅምላ ከገዛን ይረክሳል። ከሁለት ሱቅ ዋጋ ጠይቄ እስከ ዓርብ አቀርባለሁ። አከራዮችን በአካል ሄዶ የሚያነጋግር ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ማን ይሄዳል?

የሌሊት ጥበቃ፦ አንዱ እኔ ነኝ። ሁሉም ግቢ ያውቀኛል።