ሰብሳቢው ሲሞት ስብስቡ የማን ነው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበው ነገር ከሞተ በኋላ ለሕዝብ ሙዚየም ይሰጥ ወይስ ከቤተሰቡ ጋር ይቅር?

ባለ አልበሙ፦
ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ አቋሜን ላስቀድም። ቴምብር መሰብሰብ ከጀመርኩ 34 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት፣ ከወጣትነታችን ጀምሮ አብሮኝ ሲሰበስብ የኖረ ጓደኛዬ አረፈ። አልበሞቹን ልጆቹ ተከፋፈሏቸው፤ አንዱ ድርሻውን ሸጠ፣ አንዷ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ የሦስተኛው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ቴምብሮቹ ዛሬም የሆነ ቦታ አሉ። ስብስቡ ግን የለም። እሱ ያን ሁሉ ዓመት የደከመው አንዱን ከአንዱ አጠገብ ለማስቀመጥ ነበር፤ የጠፋውም ያ ነው።

ስለዚህ በቁም ነገር የተሰበሰበ ነገር ሳይበታተን ለሕዝብ መሰጠት አለበት እላለሁ። ሐኪሙ ሃንስ ስሎን እ.ኤ.አ. በ1753 ሲሞት ከ71,000 በላይ ዕቃ ትቶ ነበር። ለወራሾቹ 20,000 ፓውንድ ተከፍሎ ስብስቡ የአገር እንዲሆን ተናዘዘ፤ የእንግሊዝ ፓርላማም ተቀበለ። የብሪቲሽ ሙዚየም መነሻው ይኸው ነው፤ በ1759 በሩን ለሕዝብ ከፈተ። ወራሾቹ ተከፋፍለውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ይተርፍ ነበር?

የሰዓቶቹ ልጅ፦
ጋሼ፣ የጓደኛዎን ነፍስ ይማር። በሐሳቡ ግን አልስማማም። አባቴ 23 የእጅ ሰዓቶች ትቶልኛል። በሕይወት ሳለ እሑድ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በየተራ ይሞላቸው ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ድምፃቸውን አዳምጥ ነበር። አሁን የምሞላቸው እኔ ነኝ። ሙዚየም ቢገቡ ማን ይሞላቸዋል? እርስዎ ያነሱት ሙዚየም ራሱ 8 ሚሊዮን ያህል ዕቃ አለው፤ ለዕይታ የሚቀርበው ግን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሌላው መጋዘን ውስጥ ነው። ደግሞም የስሎን ሀብት በከፊል በጃማይካ በባሪያ ጉልበት ከሚለማ የሸንኮራ እርሻ የመጣ ነበር፤ ስሙ ሲነሳ ይህም አብሮ ይነሳ።

ጠያቂው፦
ሙዚየሙ አልፈልግም ቢልስ?

ቀድሞ ሙዚየም የሠራሁ፦
ብዙ ጊዜ መልሱ እሱ ነው። ሰዎች የወላጆቻቸውን ሳጥን ተሸክመው ይመጡ ነበር። መጀመሪያ የምንጠይቀው የዕቃውን ዋጋ ሳይሆን ከየት እንደመጣ፣ ማን፣ መቼ፣ ከማን እንዳገኘው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመልስልን አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ሞቷል። ታሪክ የሌለውን ዕቃ ተቀብሎ ከእርጥበትና ከብል ሲጠብቁ መኖር ትልቅ ወጪ ነው። እያዘንን መልሰናቸዋል።

የሳንቲም ሰው፦
ኑዛዜም ዋስትና አይሆንም። በዘመኑ ትልቁን የቴምብር ስብስብ የያዘው ፊሊፕ ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሞት ሁሉንም ለበርሊን የፖስታ ሙዚየም ተናዞ ነበር። ስብስቡ ግን የነበረው ፓሪስ ነው፤ ጊዜውም ፈረንሳይና ጀርመን የሚዋጉበት ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ወረሰውና ከ1921 ጀምሮ በተከታታይ ጨረታ ሸጠው። ከተሸጡት አንዱ በ1856 የታተመው ባለ 1 ሳንቲም የብሪቲሽ ጊያና (በደቡብ አሜሪካ የነበረች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት) ቴምብር ነበር። ያን ቴምብር መጀመሪያ ያገኘው የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ በ1873 ከቤተሰቡ አሮጌ ወረቀቶች መካከል አግኝቶ በ6 ሽልንግ ሸጠው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጨረታ ላይ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። ቤተሰብም ሙዚየምም ሳይሆን፣ ከእጅ ወደ እጅ ያሳለፉት ሰብሳቢዎች ናቸው ያቆዩት። እኔ በበኩሌ ሳንቲሞቼ ከሞትኩ በኋላ ለሚወዳቸው ሰው ቢሸጡ ቅር አይለኝም።

ከሰብሳቢ ጋር የምኖር፦
ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ዕቃው ነው። አብሮት ስለሚኖረው ሰውስ? ባለቤቴ ቁልፍ፣ የክብሪት ቀፎ፣ ጠርሙስ፣ ያልሰበሰበው የለም። ሁለት ክፍል ሞልቷል፤ እሱ ራሱ ውስጡ ያለውን አያውቀውም። ከመጠን ያለፈ ማከማቸት እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ ተመዝግቧል። ሰብሳቢ ሁሉ ታማሚ ነው ማለቴ አይደለም። ጋሼ ባለ አልበሙ የጎደለውን ቴምብር እንኳ ለይተው የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ግን «ለቤተሰብ ይቅር» ሲባል፣ ቤተሰቡን የጠየቀ አለ?

የባዮሎጂ መምህር፦
እህቴ፣ ትክክል ነሽ። እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ። ሊመሰገን የማይገባው የስብስብ ዓይነት የወፍ እንቁላል ነው፤ ከጎጆ እየዘረፉ ነበር የሚሰበስቡት። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የአእዋፍ ጥበቃ ሕግ አብዛኛው ተከልክሏል፤ ደግ አደረጉ። ነገር ግን በ1960ዎቹ ጭልፊት መሰል ወፎች እንቁላላቸው ጎጆው ውስጥ እየተሰበረ ሲያልቁ፣ ዴሬክ ራትክሊፍ የተባለው ተመራማሪ ወደ እነዚያ የድሮ ስብስቦች ሄደ። ቅርፊቶቹን እየመዘነ ከአዲሶቹ ጋር ቢያነጻጽር፣ ከ1940ዎቹ አጋማሽ በኋላ ቅርፊቱ ሳስቷል፤ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ በስፋት መረጨት የጀመረበት ወቅት ነው። ግኝቱን በ1967 አሳተመ። አሜሪካ በ1972 ዲዲቲን ለአብዛኛው አገልግሎት ከለከለች።

ይህ ሁሉ የተቻለው ሰብሳቢዎቹ ቀንና ቦታ ስለጻፉ ነው። ቀን የሌለው እንቁላል ባዶ ቅርፊት ነበር። ግማሾቹ ስብስቦች ሙዚየም፣ ግማሾቹ ሰው ቤት ነበሩ፤ ለራትክሊፍ ልዩነት አላመጣም።

ባለ አልበሙ፦
መምህር፣ ይህን ሳነብ ቆሜ አልበሞቼን ከፈትኩ። ከ4,000 በላይ ቴምብር አለኝ። የእያንዳንዱን የታተመበት ዓመት ጽፌአለሁ፤ ከማን እንዳገኘሁት ግን አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ለሕዝብ ይሰጥ ከሚለው አቋሜ አልወረድኩም። የሚሰጠውን ግን ገና አላዘጋጀሁም። ጓደኛዬም ታሪኩን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልጆቹ ባልተከፋፈሉት ነበር።

ቀድሞ ሙዚየም የሠራሁ፦
ሲጽፉ በእርሳስ ይሁን፣ በተለየ ወረቀት ላይ፤ ቀለሙ እንዳይዛመት። ባለ ሳንቲሙም፣ እባክህ ሳንቲሞቹን አትወልውላቸው፤ የጥንት ገጻቸው አንዴ ከተነሳ አይመለስም።

የሰዓቶቹ ልጅ፦
እኔም ዛሬ ማታ ደብተር ይዤ እናቴ ጋ ተቀመጥኩ። ሰዓቶቹን አንድ በአንድ እያሳየኋት ከየት እንዳመጣቸው ጠየቅኳት። የ9ኙን ነገረችኝ፤ አንዱን የገዛው እኔ በተወለድኩ ሳምንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። የ14ቱን ግን እሷም አታውቅም።