የፍሎራይድ ካርታዬ የእንቁላል ጥብስ መሰለብኝ፣ ክሪጊንግ ላይ ምን አጥፍቼ ነው?

ሰነፏ_ማስተርስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሶስት ሳምንት ሙሉ አንድ ካርታ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ፣ ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ድረሱልኝ። ቴሲሴ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ላይ ነው፣ ቦታው ከመቂ እስከ ዝዋይ ያለው ሆኖ በምስራቅ በኩል ወደ አርሲ ደጋ ወጣ ይላል። 71 ሳምፕል አለኝ፣ ግማሹን ራሴ ነኝ በባጃጅ እየዞርኩ የቀዳሁት፣ ግማሹ ደግሞ ከድሮ የጉድጓድ ሪፖርት የተለቀመ ነው። መጀመሪያ ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ላይ በአይዲደብሊው (ለቅርብ ነጥብ የበለጠ ክብደት ሰጥቶ በመሀል ያለውን በሚገምት ዘዴ) ሰራሁት፣ በየጉድጓዱ ዙሪያ ክብ ክብ እየሰራ ሰሀን ላይ የተደረደረ የእንቁላል ጥብስ ነው የሚመስለው። አማካሪዬ ክሪጊንግ (ነጥቦች በርቀት እንዴት እንደሚለያዩ ከዳታው አይቶ ያልተለካውን ቦታ የሚገምት ዘዴ) ስሪው ይጠፋል አሉኝ። እሺ ብዬ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ በጂስታት ፓኬጅ ሞከርኩ፣ መጀመሪያ ማትሪክሱ ሲንጉላር ነው ምናምን ብሎ ባዶ ካርታ ሰጠኝ፣ ሁለቴ የተመዘገቡ ነጥቦችን ሳጠፋ ሰራ፣ ግን ቫሪዮግራሙ (የርቀትና የልዩነት ግራፉ) ከመጀመሪያው ላግ (የርቀት ክፍል) ጀምሮ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው። ካርታውም የትም ብትሄዱ 4 ምናምን ሚሊግራም በሊትር ይላል፣ ደጋው ላይ ሳይቀር! የደጋ ልጆች ጥርሳቸው ወተት የመሰለ ነው እኮ፣ ጥርሱ በፍሎራይድ የበለዘ ልጅ ያየሁት ታች ሜዳው ላይ ነው። ክሮስ ቫሊዴሽኑም (አንድ አንድ ነጥብ እያወጣሁ በቀሩት ስገምተው) የስህተቱ መጠን ከዳታዬ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ጋር እኩል መጣ። ሶፍትዌር ልቀይር ወይስ ርዕስ ልቀይር?

ፒክስል_በፒክስል፦
ርዕስ አትቀይሪ ኧረ 😂 ኮኦርዲኔትሽ በዲግሪ ነው አይደል? ርቀት በዲግሪ እየለካሽ ቫሪዮግራም አይሰራም። ወደ ዩቲኤም (በሜትር የሚለካ ኮኦርዲኔት) ዞን 37 ሰሜን ቀይረሽ እንደገና አስነሺው፣ መቶ በመቶ እሱ ነው።

ላግ_ቆጣሪ፦
@ፒክስል ይቅርታ ግን እሱ አይደለም። ወደ ዩቲኤም መቀየሩ ጥሩ ልማድ ነው፣ ሬንጁንም (ቫሪዮግራሙ የሚረጋጋበትን ርቀት) በኪሎሜትር ታነቢዋለሽ፣ ግን 8 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የአንድ ዲግሪ ምስራቅ ምዕራብና የአንድ ዲግሪ ሰሜን ደቡብ ልዩነት አንድ ፐርሰንት እንኳን አይሞላም። ኖርዌይ ብትሆን ኖሮ እሺ። ዝዋይ ላይ በዚህ ምክንያት ቫሪዮግራም ጠፍጣፋ አይሆንም።

እህቴ ካርታሽ ሁሉም ቦታ 4 ያለው ተበላሽቶ አይደለም፣ በትክክል የነገርሽውን ነው የሰራው። ቫሪዮግራም ማለት በቃ ሁለት ጉድጓዶች እየተራራቁ ሲሄዱ ልዩነታቸው ስንት ይጨምራል ነው። ያንቺ ጠፍጣፋ ነው ማለት ጎረቤት ጉድጓድም 40 ኪሎሜትር የራቀ ጉድጓድም እኩል ይለያያሉ ብለሽ ነገርሽው፣ እሱም ጎረቤት ካልረዳኝ ብሎ የሁሉንም አማካይ መለሰልሽ። የስህተቱ መጠን ከስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ጋር እኩል የመጣውም በዚሁ ነው። የእንቁላል ጥብሱ ጠፋ ተብሎ ደስ ከሚባል እዛው ቢቀር ይሻል ነበር 😅

ቫሪዮግራም እንደዚህ ጠፍጣፋ ሲሆን ሁሉ ነገሩ ናጌት ነው ይባላል፣ ስሙ የመጣው ከወርቅ ነው። ዳኒ ክሪጅ ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን መሀንዲስ ነበር፣ በ1951 ዊትዋተርስራንድ ላይ የሰራውን ነው በኋላ ፈረንሳዊው ማትሮን በሂሳብ አደራጅቶ በሱ ስም ክሪጊንግ ብሎ የጠራው። አጠገብ ላጠገብ ሁለት ቦታ ትቆፍሪያለሽ፣ አንዱ የወርቅ እንክብል ላይ ያርፋል ሌላው ባዶ ይወጣል፣ ይሄ በዜሮ ርቀት ላይ ያለ ልዩነት ነው ናጌት። የመለኪያ ስህተትም እዛው ውስጥ ይገባል። ያንቺ ዳታ ሁሉ ነገሩ ናጌት የሆነበት ምክንያት አለ፣ እሱን እንፈልግ።

ሂስቶግራሙን አይተሽዋል? ፍሎራይድ ብዙው ዝቅ ያለ ሆኖ ጥቂቱ 15 እና 20 የሚዘል ከሆነ እነዛ ሶስት አራት ጉድጓዶች ብቻቸውን ቫሪዮግራሙን ይረብሹታል፣ ጥንዶቹን ስታይው የተለያየው ሁሉ ከነሱ ጋር የተጣመረ ነው። ሎግ (ሎጋሪዝም) ወስደሽ ሞክሪ። ላግ ስትመርጪም በየላጉ ቢያንስ 30 ጥንድ ይኑር። 71 ራሱ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ100 በላይ ነው፣ ግን ባለው እንሞክራለን።

ጋሽ_ሪግ፦
ልጄ እኔ ስታቲስቲክሱን አላውቅም፣ 26 አመት ሪግ (የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን) ላይ ነው የኖርኩት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሳምፕሉን ከየት ነው የቀዳሽው? ከጉድጓዱ አፍ ወይስ ከቦኖ?

ሰነፏ_ማስተርስ፦
ጋሼ እንደተመቸኝ ነው፣ የጉድጓዱ ቤት ሲቆለፍብኝ ከቦኖ ወይም ከሮቶ ቀድቻለሁ።

ጋሽ_ሪግ፦
እንግዲህ እሱ ነው። ቦኖው ያለበት ሰፈር ሌላ ጉድጓዱ ያለበት ሌላ። እዛ አካባቢ ከስንት ኪሎሜትር በቧንቧ የሚመጣ ውሃ አለ፣ ሁለት ጉድጓድ አንድ ሮቶ ውስጥ የሚቀላቀልበትም አለ። አንቺ የቦኖውን ጂፒኤስ ይዘሽ እዚህ መሬት ስር ያለው ውሃ ይሄ ነው ብለሻል፣ ከቦኖው ስር እኮ ያለው ሌላ ውሃ ነው።

ሁለተኛ በእጅ የተቆፈረ 12 ሜትር ጉድጓድና 180 ሜትር ጥልቅ ጉድጓድ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ከትተሽ እንደሆነ እሱም ልክ አይደለም። ጎን ለጎን ይቆፈራሉ ግን የተለያየ ውሃ ነው የሚጠጡት። ጥልቁም ቢሆን ስክሪኑ (ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ያለው ቧንቧ) የት ላይ ነው የገባው ብለሽ ሪፖርቱን እይ። ውሃው ከአርሲ ተራራ ሲወርድ ጥሩ ነው፣ ታች ሜዳው ላይ በፑሚስና በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ሲቆይ ካልሲየሙን ይጥልና ሶዲየም ይበዛበታል፣ ካልሲየም ካለቀ ደግሞ ፍሎራይዱን አስሮ የሚያስቀርለት የለም፣ በዛው ይወጣል። ስንጥቅ ላይ ያረፈ ጉድጓድ ደግሞ ከስር የፍል ውሃ ከመጣበት ራሱን የቻለ ነገር ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ አንዱ ጉድጓድ ጣፋጭ ውሃ ሰጥቶን መንገዱን ተሻግረን የቆፈርነው በፍሎራይድ ምክንያት ተዘግቶ ቀርቷል፣ 60 ሜትር ኬዚንግ (የጉድጓድ ቧንቧ) እዛው ቀበርነው። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

የድሮ ሪፖርት ላይ ያለው ኮኦርዲኔትም አብዛኛው በአዲንዳን (በድሮው የካርታ መነሻ) ነው፣ ያንቺ ስልክ በደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ በሚጠቀምበት)። 200 ሜትር ገደማ ይለያያል፣ ስንጥቁን አሻግሮ ያስቀምጥልሻል።

ላግ_ቆጣሪ፦
ጋሼ ስታቲስቲክስ አላውቅም ብሎ ሁሉንም ጨረሰው 🙌 እኔ ሎግ ሎግ እላለሁ።

ወረዳ_ውሃ፦
ጣልቃ ልግባ፣ እኔ ወረዳ ውሃ ቢሮ ነው የምሰራው። እንደዚህ አይነት ካርታ በፒዲኤፍ ይመጣልናል፣ አረንጓዴው ላይ ቆፍሩ ይባላል፣ እኛም እንቆፍራለን፣ ከዛ ውጤቱ 6 ይመጣል። ካርታው ጋር የመጣ ሌላ ነገር የለም፣ በቃ ቀለም ብቻ። ሰው ደግሞ ውሃ ተገኘ ብሎ ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል፣ አትጠጡ በለው እስቲ።

ሰነፏ_ማስተርስ፦
ተመለስኩ። ከ71ዱ 19ኙ የቦኖና የሮቶ ናቸው 🙈 14ቱ በእጅ የተቆፈሩ። ሁሉንም አውጥቼ 38 ጥልቅ ጉድጓድ ቀረኝ፣ የድሮዎቹን ከአዲንዳን ቀየርኩ፣ ሎግ ወሰድኩ። ቫሪዮግራሙ ተነሳ!! ከዜሮ አይነሳም፣ ናጌቱ የሲሉ (ቫሪዮግራሙ የሚረጋጋበት ከፍታ) ግማሽ ይሆናል፣ ግን ወደ 15 ኪሎሜትር አካባቢ ላይ ይረጋጋል። ግን 38 ነጥብ ይዤ ካርታ ብሰራ አይስቁብኝም?

ላግ_ቆጣሪ፦
ከ38 ጥሩ ነጥብና ከ71 ድብልቅልቅ የቱ ይሻላል ብለው ሲጠይቁሽ የሁለቱን ቫሪዮግራም ጎን ለጎን አሳዪያቸው፣ ዲፌንሱ እዛው ያልቃል። ናጌቱ ግማሽ መሆኑ ደግሞ ጋሼ መንገድ ተሻግረን ያለው ነው፣ ልታጠፊው አትሞክሪ። ሶፍትዌሩ በአውቶ ሲገጥመው ናጌቱን ዜሮ ካደረገብሽ አትቀበዪው፣ ካርታው ያምራል ግን ውሸት ነው።

አሁን ያለ ክሪጊንግም ከምታውቂው ነገር ጀምሪ። ፍሎራይዱ ከደጋ ወደ ሜዳ ሲወርድ እንደሚጨምር ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ከፍታን አስገቢው፣ የኤስአርቲኤም (ከጠፈር የተለካ የከፍታ ዳታ) 30 ሜትሩ ይበቃል። ዝዋይ 1,636 ሜትር አካባቢ ነው፣ የአርሲው ጭላሎ ተራራ ጫፉ ከ4,000 ያልፋል፣ ይሄን ያህል ልዩነት ያለበት ቦታ ላይ አማካዩ አንድ ነው ብሎ መነሳት አይሆንም። ሎግ ፍሎራይድን በከፍታ ገልጸሽ የቀረውን ብቻ ክሪግ ታደርጊያለሽ፣ ጂስታት ውስጥ ፎርሙላው ላይ 1 የሚለውን በከፍታ መተካት ነው ስራው፣ ቫሪዮግራሙንም በዛው ፎርሙላ እንደገና ስሪው። ያኔ ደጋሽ ከ4 ይወርዳል። ከሎግ ስትመለሺ ተጠንቀቂ፣ ዝም ብለሽ ኤክስፖኔንሺያል ካደረግሽው የሚወጣው ሚዲያኑ ነው፣ አማካዩን ዝቅ አድርጎ ያሳይሻል። ጤና ላይ ዝቅ አድርጎ ማሳየት አይሆንም።

ለ@ወረዳ_ውሃ ደግሞ የመጠን ካርታ አትስጪው። የአለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው፣ ከዛ በላይ የሆነውን ጉድጓድ 1 በታች የሆነውን 0 ብለሽ ኢንዲኬተር ክሪጊንግ ስሪ፣ የሚወጣው እዚህ ብትቆፍር ከ1.5 የማለፍ እድሉ ስንት ነው የሚል ነው። 0.5 አካባቢ ያለውን ሁሉ ግራጫ ቀቢው፣ አረንጓዴ ብለሽ አታሳስቺው። ሀይቁን ደግሞ ቁረጪው፣ ውሃ ላይ ጉድጓድ የሚቆፍር የለም። አቢጃታና ሻላ ሀይቆችንም ዳታ ውስጥ እንዳታስገቢያቸው፣ ከ100 በላይ ነው ፍሎራይዳቸው፣ አንድ ነጥብ ብቻ ገብቶ ሁሉን ነገር ያጠፋልሻል።

ወረዳ_ውሃ፦
ግራጫው አብዛኛውን ቦታ ከሸፈነውስ?

ላግ_ቆጣሪ፦
ከሸፈነው ሸፈነው። እዛ ላይ ካርታ ሳይሆን የሙከራ ጉድጓድ ነው የሚያስፈልግህ። ለበላይ ስታቀርበው ግን ግራጫው ለሙከራ በጀት መጠየቂያ ይሆንሃል።

ጋሽ_ሪግ፦
ልጄ የቦኖዎቹን ወረቀት ግን እንዳትጥዪው። ሰው የሚጠጣው እኮ ቦኖውን ነው፣ መሬት ስር ያለውን አይደለም። የልጆቹን ጥርስ ካየሽበት ጋር አጋጥመሽ ለብቻው አንድ ሰንጠረዥ ስሪለት፣ ሮቶው የትኛው ጉድጓድ እንደሚሞላው ደግሞ ፓምፕ ኦፕሬተሩን ጠይቂው፣ እሱ ነው የሚያውቀው።

ሰነፏ_ማስተርስ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ቅዳሜ ተመልሼ መቂ ነኝ፣ የኦፕሬተሮቹን ስልክ ከውሃ ቢሮ ለማግኘት እሞክራለሁ። ባጃጁ ሰውዬ ዋጋ ጨምሯል ግን 😭