ረቡዕ ለመምህራን ሥልጠና ስጪ ተባልኩ፤ ምን ይሻለኛል?

ሚስ አማርኛ፦
ሰላም መምህራን። አዲስ አበባ አንድ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ተማሪዎቹ ቀደም ብለው ይወጡና እኛ ለሥልጠና እንቀመጣለን። እስካሁን ከኋላ ወንበር ማስታወሻ መያዝ ነበር ሥራዬ። ባለፈው አስተባባሪዋ ጠራችኝና "የሚቀጥለውን አንቺ ነሽ የምትመሪው" አለችኝ። ርዕሱ፣ እንግሊዝኛ ገና ያልገባውን ልጅ በየትምህርቱ እንዴት እንርዳው የሚል ነው። 45 ደቂቃ፣ 30 የሚሆኑ መምህራን፣ አብዛኞቹ ፈረንጆች። እንግሊዝኛዬ ያግባባል እንጂ እንደ ውሃ አይወርድም። 22 ስላይድ ሠርቻለሁ፤ ስደግመው እኔኑ እንቅልፍ ወሰደኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ? እምቢ ማለትስ ይቻላል?

ጠመኔ፦
እምቢ እንዳትዪ እህቴ። ስላይዱን ግን ጣዪው። እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች 18 ዓመት ሠርቻለሁ። ከተቀመጥኩበት ሥልጠና ሁሉ ዛሬ ትዝ የሚለኝ እጄን ያሠራኝ ብቻ ነው።

አንቺ ጋ ያለ፣ እነሱ ጋ የሌለ ነገር አለ፤ ፊደል። በአማርኛ ጀምሪ። ለ10 ደቂቃ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። "ተቀመጡ፣ ወረቀት አውጡ" በይ፤ ግራ ይጋቡ። ሰሌዳው ላይ በ ቡ ቢ ባ ቤ ጻፊና እያሰማሽ አስደግሚያቸው። ከዚያ ለ ብቻ ጻፊ። ጠመኔውን ለአንዱ ስጪና "ሉ" በይው። ካዕቡ ቀኝ ወገቡ ላይ ቅጥል እንዳለው፣ ሣልሱ ላይ ቅጥሏ ወደ እግር እንደምትወርድ፣ ራብዑ ቀኝ እግሩን እንደሚያስረዝም፣ ኃምሱ ቀለበት እንደሚያበጅ ማንም ሳይነግራቸው ይደርሱበታል።

ሀን አታስገቢ፤ ሀ እና ሃ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ያምታታቸዋል። ረንም ተዪው፤ ሩ ላይ ሲደርሱ ያገኙት ሕግ ይፈርስባቸዋል። ሳድስና ሳብዕ ከፊደል ፊደል ስለሚለያዩ ኃምስ ላይ አቁሚ።

ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሺና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፤ "ሳይገባችሁ ሲቀር ምን አደረጋችሁ?" አንዱ ተናደድኩ ይላል። አንዱ ዝም አልኩ ይላል። አንዷ የጎረቤቷን ወረቀት አየሁ ትላለች። ይቺን ያዢያት። ልጅ ሲያደርጋት ኩረጃ ብለን የምንቆጣባት ናት።

ቲቸር ከሰሚት፦
ጋሽ ጠመኔ ጥሩ ብለዋል። ከጨዋታው በኋላ ግን ይዘውት የሚሄዱት ነገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ "አሪፍ ነበር" ብለው ይበተናሉ። ካናዳዊው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ በሜዳ ቋንቋና በመጽሐፍ ቋንቋ መካከል ያስቀመጠውን ልዩነት ንገሪያቸው። ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ለመጨዋወት 2 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። የሳይንስ መጽሐፍ አንብቦ እንደ እኩዮቹ ለመጻፍ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ኳስ ሜዳ ላይ እንግሊዝኛ የሚያንበለብለው ልጅ ፈተና ላይ ሲወድቅ "ሰነፍ ነው" የሚባለው ይሄ ሳይታወቅ ነው። እኔም ብያለሁ፣ ሳልዋሽ።

ለነገው ክፍላቸው ደግሞ አንድ ነገር ስጫቸው። ፕሮጀክት ዜሮ ከሚባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል የመጣው "አያለሁ፣ አስባለሁ፣ እጠይቃለሁ" የሚባል ዘዴ ይበቃል። ሥዕል ይታያል፣ ልጁ መጀመሪያ በገዛ ቋንቋው ይጽፋል ወይም ከአገሩ ልጅ ጋር ያወራል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሞክራል። ሁለት ኮሪያውያን በኮሪያኛ ሲያወሩ "ኢንግሊሽ ኦንሊ!" ብሎ መጮህ ይቅር።

ደረሰኝ፦
ማንም ያልጠየቀውን እኔ ልጠይቅ። ይከፈልሻል? ፈረንጅ ከውጭ አስመጥተው ቢያሠለጥኑ ቲኬትና ሆቴል ሊችሉለት ነው። የሀገር ውስጥ ቅጥር ስትሆኚ "ለልምድሽ ይጠቅምሻል" ነው።

ቲቸር ከሰሚት፦
@ደረሰኝ እውነትህን ነው፤ ግን ለውስጥ ሥልጠና ሲከፈል አላየሁም። ሥልጠና መስጠቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ከነርዕሱና ከነሰዓቱ ትጠይቅ። ቀጥሎም ወርክሾፕ ላኩኝ ትበል። ትምህርት ቤቱ የአይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራም) ከሆነ ወርክሾፖቹ ሦስት ደረጃ አላቸው፤ አንደኛው ለፕሮግራሙ አዲስ ለሆነ፣ ሁለተኛው እያስተማረበት ላለ፣ ሦስተኛው አንድ ጉዳይ ላይ ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ። ሚስ፣ አንቺ በአይቢ እያስተማርሽ ከሆነ አንደኛው ላይ እንዳይመዘግቡሽ። ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ "ከላክንሽ ይህን ያህል ዓመት ትቆያለሽ" የሚል አንቀጽ መኖሩን እዪ። እኔ ሳላነብ ፈርሜ መልቀቅ አቅቶኝ ነበር።

የዱባይዋ ረዳት፦
እዚህ ዱባይ ረዳት መምህርት ነኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ረዳቶቹንም ጥሪያቸው። ብዙ ጊዜ የልጁን ቋንቋ የምናውቀው እኛ ነን። ሥልጠና ሲሆን ግን ወይ ልጆች እንጠብቃለን ወይ ወንበር እንደረድራለን። ልጁ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጎ መናገር አቅቶት እንደሚያለቅስ ዋናዋ መምህርት ያወቀችው ከእኔ ነው።

ጠመኔ፦
@የዱባይዋ ረዳት አንጀቴን በላሽው። ሚስ፣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሁሉንም ነገር ወረቀት ላይም ያዢ።

ሚስ አማርኛ (ከረቡዕ በኋላ)፦
እግዜር ይስጣችሁ። ስላይዱን 3 አደረግኩት። መብራቱ አልጠፋም፣ ፕሮጀክተሩ ግን እምቢ አለ፤ በሰሌዳ ተወጣሁት። ሁለቱ ረዳቶች ከፊት ተቀመጡ።

ሉን እንዲጽፍ የፊዚክሱን መምህር አስነሳሁት። ቅጥሏን በግራ በኩል አደረጋት። "አይደለም" አልኩት፣ በአማርኛ። አጠፋና መልሶ እዚያው ግራ አደረጋት። ሰው ሳቀ፣ እሱ ግን ጆሮው ቀላ። ቶሎ ብዬ ልረዳው ስል ከረዳቶቹ አንዷ ተነስታ ጣቷን በ"ቡ" ቀኝ ወገብ ላይ አሳረፈች። ምንም አልተናገረችም። አየና በአንዴ ጻፈው። ውይይቱ ከዚያ በኋላ እሷ ባደረገችው ነገር ላይ ሆነና ሰዓቱን በላው። የከሚንስን ነገር በ4 ደቂቃ ሮጥኩበት፤ የተያዘላቸው አይመስለኝም። የሥዕሉን ዘዴ ግን 5 መምህራን ወስደዋል።

እንግሊዝኛዬ ሁለት ቦታ ተሰናክሏል፤ ልብ ያለውም የለ። አሁን ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ድገሚው ተብያለሁ። ደብዳቤውን ጠይቄ "እናያለን" ነው የተባልኩት። @ደረሰኝ፣ አትሳቅ።